ፖሊስ የማያውቀው ድብድብ፦ የካርዲፍ ጉዳይ

አንድ ከተማ ውስጥ በወር ስንት ሰው ይደበደባል? ብዙዎቻችን መልሱን ፖሊስ ጣቢያ እንፈልጋለን። መዝገቡ ይገለጣል፣ ቁጥሩ ይነበባል፣ በቃ። እዚህ የምናየው ጉዳይ የተነሳው ግን ያ መዝገብ ምን ያህል ጎደሎ እንደሆነ በመታወቁ ነው። ይህን ያስተዋለው ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ወይም የወንጀል አጥኚ አልነበረም። የተሰበረ መንጋጋ የሚጠግን ሐኪም ነበር።

ጆናታን ሼፐርድ የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሐኪም ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ በመጀመሪያ በእንግሊዟ ከተማ በብሪስቶል፣ በኋላም በዌልስ ዋና ከተማ በካርዲፍ ሲሠራ፣ የሚመጡለት ጉዳቶች ይመሳሰሉ ነበር። ጉንጩ የተሰበረ አለ። መንጋጋው የተሰበረ አለ። ፊቱ በብርጭቆ የተተለተለ አለ። ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው። ጊዜው የሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ነው። ቦታው መጠጥ ቤት፣ ጭፈራ ቤት ወይም የእነዚህ ደጃፍ ነው።

ሐኪም እንዲህ ያለውን ታካሚ ሰፍቶ መሸኘት ይችላል። አብዛኛውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አይፈረድበትም፤ ወረፋው መች ያፈናፍናል። ሼፐርድ ግን አንድ ጥያቄ ጨመረ። ለመሆኑ እነዚህን ሰዎች ፖሊስ ያውቃቸዋል? በሆስፒታል የታከሙትን ከፖሊስ መዝገብ ጋር ሲያስተያይ ብዙዎቹ መዝገቡ ላይ የሉም። እነዚህ እንግዲህ ስፌት ያስፈለጋቸው፣ አጥንታቸው የተሰበረ ሰዎች ናቸው። ትከሻቸውን ተገፍተው የተቆጡ አይደሉም።

ለምን አያመለክቱም? ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ የመታው ሰው ተመልሶ እንዳይበቀለው ይፈራል። ሌላው ማን እንደመታው አያውቅም፤ ጨለማ ነበር፣ ሰክሮ ነበር። ሌላው ራሱም እጁን ሰንዝሯልና ጉዳዩ ቢመረመር አያምርበትም። ጣቢያ ሄዶ ቃል መስጠት የሚሰለቸውም አለ። ፖሊስም በበኩሉ ያልተነገረውን ሊያውቅ አይችልም።

ይህ ክፍተት የቁጥር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፖሊስ ሰው የሚያሰማራው አቤቱታ በሚመጣበት አካባቢ ነው። አቤቱታ የማይመጣበት ቦታ በወረቀት ላይ ሰላማዊ ይመስላል። አንድ መጠጥ ቤት በየሳምንቱ ሰው የሚፈነከትበት ቢሆንም ማንም እስካልከሰሰ ድረስ ስሙ ንጹህ ነው። ባለቤቱም ንጹህ መዝገቡን ይዞ ፈቃዱን ያድሳል።

ካርድ ክፍል ውስጥ የተጨመሩት ጥያቄዎች

የተገኘው መፍትሔ ሲያዩት ያሳፍራል፤ ይህን ያህል ቀላል ነው። ማንኛውም ተጎጂ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ሐኪሙን ወይም ነርሷን አይደለም። ስሙን የሚመዘግበውን ሠራተኛ ነው። ታዲያ ያ ሠራተኛ ጉዳቱ በጥቃት የደረሰ መሆኑን ካወቀ ጥቂት ነገሮች ጨምሮ ይጠይቃል። የት ነው የተመታኸው? መቼ? በምን? በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በጠርሙስ ወይስ በስለት? የመታህ ስንት ሰው ነው?

ሐኪሞቹ ሳይሆኑ መዝጋቢዎቹ እንዲጠይቁ መደረጉ ብልህነት ነው። ሐኪም በሌሊት ፈረቃ ላይ ቅጽ ይሞላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። መዝጋቢው ግን ሥራው መጠየቅና መጻፍ ነው። ጥያቄዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ከስምና ከአድራሻ ቀጥለው ከመጡ ብዙ ጊዜ አይፈጁም።

ቁም ነገሩ ያለው «የት» የሚለው ላይ ነው። «መጠጥ ቤት ውስጥ» ተብሎ ከተጻፈ ምንም አይጠቅም። የመጠጥ ቤቱ ስም መኖር አለበት። መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ የመንገዱ ስምና በየትኛው ሱቅ ወይም ታክሲ ማቆሚያ ፊት ለፊት እንደሆነ ያስፈልጋል። እነዚህን ሰብስቦ ካርታ ላይ ማስቀመጥ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ካርታው ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ጥቃት ከተማው ውስጥ እንደ አቧራ የተበተነ አለመሆኑ ይታያል። ጥቂት ቦታዎች ላይ፣ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ይከማቻል።

አሁን አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ታካሚ ለሆስፒታል የነገረውን ሆስፒታሉ ለፖሊስ መስጠት ይችላል ወይ? በሐኪምና በታካሚ መካከል ያለው ምስጢር የት ይገባል? ካርዲፍ ላይ መልሱ ስም እንዳይወጣ ማድረግ ነበር። ከሆስፒታሉ የሚወጣው መረጃ ስም፣ የልደት ቀን፣ የቤት አድራሻ የለበትም። ፖሊስ የሚደርሰው «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እዚህ ቦታ፣ አንድ ሰው በጠርሙስ ተመትቷል» የሚል መስመር ነው። ያንን ይዞ የታካሚውን በር ማንኳኳት አይችልም፤ ማንነቱን አያውቅማ።

በኔ እምነት የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይህ ነው። ፖሊስ እንደዚህ ያለ መረጃ ሲያገኝ የመጀመሪያ ፍላጎቱ ወንጀለኛውን መያዝ ነው። ስሙን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ተጎጂዎች ውለው አድረው ይህን ይሰሙ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመዝጋቢው «ደረጃ ላይ ወደቅኩ» የሚሉት ይበዛሉ። መረጃው ለመያዣ ሳይሆን ለመከላከያ ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ነው እውነተኛ ያደረገው።

ጠረጴዛው ዙሪያ እነማን ተቀመጡ

መረጃ ብቻውን ማንንም አያድንም። ሆስፒታሎች ፋይል ሙሉ መረጃ አላቸው፤ ማንም አያነበውም። ካርዲፍ የተለየችው መረጃው የሚደርስበት ቦታ ስለነበረ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፖሊስ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ቡድን ውስጥ ተሰባሰቡ። የሆስፒታሉ ወርሃዊ መረጃ ከፖሊስ መረጃ ጋር በአንድ ባለሙያ ይቀላቀላል፣ ካርታና ማጠቃለያ ይወጣለታል፣ ቡድኑ ተቀምጦ በዚያ ላይ ይነጋገራል። በ1998 ደግሞ በእንግሊዝና በዌልስ የወጣ ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮችና ፖሊስ ወንጀልን ለመቀነስ በጋራ እንዲሠሩ፣ የጤና ተቋማትም እንዲተባበሩ አዘዘ። እንዲህ ያለው ስብሰባ የጥቂት ሰዎች በጎ ፈቃድ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ድጋፍ አገኘ።

ሐኪሞች እዚያ ስብሰባ ላይ መገኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የመጠጥ ቤት ባለቤት ከፖሊስ ጋር መከራከር ለምዶታል። «እኔ ቤት ምንም አልተፈጠረም፣ ማስረጃ አምጡ» ይላል። እሱ ቤት የተተለተለ ፊት ሲሰፋ ካደረ ቀዶ ሐኪም ጋር መከራከር ግን ሌላ ነው።

ምን ተደረገ? የፖሊስ ፓትሮል ሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ከዳር ሰፈሮች ወደ መሐል ከተማ ተሳበ። ካርታው ላይ ደጋግመው የታዩ መጠጥ ቤቶች ተለይተው ክትትል ተደረገባቸው። የጥበቃ ካሜራዎች የት ላይ ማተኮር እንዳለባቸው ተወሰነ። መጠጥ ቤትና ጭፈራ ቤት የተደረደረበት ሴንት ሜሪ ጎዳና ለእግረኛ ብቻ ሆነ። ሌሊት የሕዝብ ማመላለሻ ተጨመረ።

የመንገዱና የትራንስፖርቱ ነገር ትንሽ ያቆየናል። በመጠጥ ቤት አካባቢ የሚነሳ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሰው ተጨናንቆ ሲቆም ነው። ቤቶቹ በአንድ ሰዓት ይዘጋሉ። ሁሉም በአንዴ ይወጣል። እግረኛ መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪና ያልፋል፣ ታክሲ የለም፣ የሚበላ ነገር የሚሸጥበት ቤት በር ላይ ሰልፍ አለ። የሰከረ ሰው ሌላ የሰከረ ሰው ይገፋል፣ ቀሪውን እናውቀዋለን። እዚያ ላይ «ሰዎች ሆይ ታገሱ» የሚል ዘመቻ ከማካሄድ መንገዱን ማስፋትና ሰዉን ቶሎ ወደ ቤቱ መመለስ ይሻላል። የጉዳት መከላከል ጥናት ከመኪና አደጋ ጀምሮ ያስተማረው ይኸው ነው፤ ሰውን ከመስበክ በፊት አካባቢውን ማስተካከል።

ካርዲፍ የራግቢ ከተማም ናት፤ ትልቁ ስታዲየም መሐል ከተማ ነው። የከተማው ተመራማሪዎች የዌልስን ጨዋታዎች ውጤት ከድንገተኛ ክፍል ቁጥር ጋር ሲያስተያዩ ብዙ ሰው የማይጠብቀውን አገኙ። በጥቃት የተጎዱ ሰዎች የሚበዙት ዌልስ ስትሸነፍ ሳይሆን ስታሸንፍ ነው። ንዴት ብቻ አይደለም ሰውን የሚያማታው፤ ደስታና መጠጥ ሲገናኙም እንዲሁ ነው።

ብርጭቆው

በዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል የከሸፈው ነው።

ተራ ብርጭቆ ሲሰበር ስለታም ስባሪ ይወጣዋል። ያ ስባሪ ፊት ላይ ምን እንደሚያደርግ የፊት ቀዶ ሐኪም ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ሐሳቡ ቀላል ነበር። መጠጥ ቤቶች በሙቀት የጠነከረ ብርጭቆ ይጠቀሙ። ይህ ዓይነቱ ለመሰበር ያስቸግራል፤ ከተሰበረም በደቃቁ ይፈረካከሳል። በዚህ ሐሳብ ላይ የሚከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ሼፐርድና ባልደረባው ግን ይህንንም ሳይፈትኑ አላለፉም። 57 መጠጥ ቤቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ የጠነከረውን፣ ግማሾቹ ተራውን ብርጭቆ ተጠቀሙ። የሚቆጠረው የመጠጥ ቤቶቹ ሠራተኞች ጉዳት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ብርጭቆ የሚነካኩት እነሱ ናቸውና። ውጤቱ በ2000 ታተመ። የጠነከረ የተባለው ብርጭቆ ባለባቸው ቤቶች የተጎዱት ሠራተኞች ከሌሎቹ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ።

ምን ሆነ? ብርጭቆዎቹ ላብራቶሪ ውስጥ ሲፈተኑ የጠነከሩት ከተራዎቹ ቀድመው ተሰበሩ። በስም ብቻ የጠነከሩ ነበሩ፤ ሲመረቱ በደንብ አልጠነከሩም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ሐሳቡን አልጣሉትም። ብርጭቆ ምን ያህል ምት መቋቋም እንዳለበት የሚወስን ደረጃ ይውጣ አሉ።

ይህ ሙከራ ባይደረግ ኖሮ ምን እንደሚሆን አስቡት። ባለሥልጣናት ብርጭቆው ተቀየረ ብለው መግለጫ ይሰጣሉ። ሁሉም ያጨበጭባል። የአስተናጋጆቹ እጅ ግን መቆረጡን ይቀጥላል፣ ማንም አይቆጥረውም። ከጥቃትና ከጉዳት ጋር በተያያዘ በየቦታው የሚታወጁ «ግልጽ» መፍትሔዎች ስንቶቹ እንዲህ ተፈትነዋል? በጣም ጥቂቶቹ።

ሠርቷል ወይስ አልሠራም?

ካርዲፍ ውስጥ ጥቃት ቀነሰ ማለት ብቻ አይበቃም። ምናልባት በመላ አገሪቱ ቀንሶ ይሆናል። በ2011 የወጣው ዋናው ጥናት ለዚህ ካርዲፍን በእንግሊዝና በዌልስ ካሉ 14 ተመሳሳይ ከተሞች ጋር አስተያየ። ከካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ሌላ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከል ተመራማሪዎችም ነበሩበት። አሠራሩ ሙሉ በሙሉ ከመተግበሩ በፊት ያሉትን 33 ወሮችና ከዚያ በኋላ ያሉትን 51 ወሮች ተመለከቱ።

መለኪያ አድርገው የመረጡት በጥቃት ተጎድተው ሆስፒታል የተኙ ሰዎችን ቁጥር ነው። ለምን የፖሊስን ቁጥር አልመረጡም? ፖሊስ በደንብ ሲሠራ ቁጥሩ ይጨምራላ። ብዙ ፓትሮል ባለበት ብዙ ድብድብ ይታያል፣ ይመዘገባል። ሥራህ በጎበዘ ቁጥር የሚከፋ መለኪያ ይዘህ ሥራህን መገምገም አትችልም። አጥንቱ ተሰብሮ አልጋ የያዘ ሰው ግን ፖሊስ ኖረም አልኖረም ሆስፒታል ይገባል።

ካርዲፍ ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው በወር 7 ገደማ ይተኙ የነበሩት ወደ 5 ወረዱ። በሌሎቹ ከተሞች ከ5 ወደ 8 ወጡ። ሌሎች ምክንያቶች ከተስተካከሉ በኋላ ልዩነቱ 42 በመቶ ሆነ።

የፖሊስ ቁጥሮቹም ቀርበዋል፤ ሲያዩዋቸው ግር ያሰኛሉ። ፖሊስ የመዘገበው የማቁሰል ወንጀል ካርዲፍ ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው በወር ከ54 ወደ 82 ጨመረ። ጨመረ! አንድ ጋዜጠኛ ይህን ብቻ ቢያነብ «ፕሮጀክቱ ከሸፈ» ብሎ ርዕስ ይሰጠዋል። ነገር ግን በሌሎቹ ከተሞች በዚያው ጊዜ ከ54 ወደ 114 ነው የጨመረው። ከእኩል ተነስተው የካርዲፍ ጭማሪ በጣም ያነሰ ነው።

ጉዳት የማያደርስ ቀላል ጥቃት ደግሞ ካርዲፍ ውስጥ ከ15 ወደ 20 ሲወጣ በሌሎቹ ከ42 ወደ 33 ወረደ። ይህ ከቀሪው ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ፖሊስ በትክክለኛው ቦታና ሰዓት ስለሚገኝ ጠቡ ገና በግፊያ ደረጃ እያለ ይደርሳል፣ ይለያል፣ ይመዘግባል የሚል ነው። ያ ግፊያ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠርሙስ ድረስ ይሄድ ነበር። ማብራሪያው ያሳምነኛል። ግን ማብራሪያ ነው፣ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቁጥሩን ካዩ በኋላ የመጣ ሐሳብ ሁልጊዜ ትንሽ ጥርጣሬ ይገባዋል።

ሌላም ድክመት አለ። ካርዲፍ በዕጣ አልተመረጠችም። ይህ ሐሳብ የተፀነሰባት፣ ለዓመታት የሚገፋው ሰው ያለባት ከተማ ናት። ሌላ ከተማ ቅጹን ቢገለብጥ ያንን ሰው አብሮ አይገለብጠውም። ደግሞም ከተማዋ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ስላደረገች ፓትሮሉ ይሁን የተዘጋው መንገድ የትኛው ምን ያህል እንደጠቀመ መለየት አይቻልም። እንደኔ ይህ ሁለተኛው ብዙ አያሳስብም። መንገድ ዘጊውንም ፓትሮል ላኪውንም ያንቀሳቀሰው አንድ ካርታ ነው፤ የተፈተነውም ካርታውን ይዞ የመሥራቱ ልማድ ነው።

ወጪው? ለማቋቋም ወደ 108 ሺህ ፓውንድ፣ በየዓመቱ ለማስኬድ ወደ 210 ሺህ ፓውንድ ተገመተ። በ2007 ብቻ ከተማዋ የዳነችው ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ኪሳራ 6.9 ሚሊዮን ፓውንድ ነው ተባለ። ከ2003 እስከ 2007 ያለው በድምሩ ሲታሰብ ለአንድ ፓውንድ 82 ፓውንድ ጥቅም ተገኘ ተባለ። ከዚህ ጥቅም አብዛኛው በቀጥታ ሆስፒታሉ ካዝና አይገባም፤ የተጎጂው ሥቃይና ያጣው የሥራ ቀን ተተምኖ ነው። ይህን ሳያብራሩ 82ን ብቻ ማስተጋባት ትንሽ ማጋነን ነው። ለጤናው ዘርፍ ብቻ የተቆጠረው ቅናሽ እንኳ ግን በዚያው ዓመት 1.25 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ወጪውን በደንብ ይሸፍናል።

ከካርዲፍ ውጭ

ሼፐርድ በ2008 የስቶክሆልም የወንጀል ጥናት ሽልማትን ከአሜሪካዊው ዴቪድ ኦልድስ ጋር ተካፈለ። የፊት ቀዶ ሐኪም የወንጀል ጥናት ሽልማት ሲያገኝ በየቀኑ አይታይም። አሠራሩም ወደ እንግሊዝ ሆስፒታሎች፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ኔዘርላንድስና ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አሜሪካ ውስጥ በአትላንታው ግሬዲ ሆስፒታል ሲሞከር በጥቃት ተጎድተው ከመጡት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ፖሊስ ዘንድ አልተመዘገቡም። አገር ቢቀየርም ክፍተቱ ያው ነው።

በየቦታው የሚገጥመው ችግርም ይመሳሰላል። መዝጋቢው ይቀየራል፣ አዲሱን ማንም አያሠለጥነውም። «የት» የሚለው ሳጥን ውስጥ «ውጭ» ተብሎ ይጻፋል። ፖሊስ መረጃውን ይቀበላል፣ ግን ካርታው ምን እንዳስለወጠ ለሆስፒታሉ ተመልሶ የሚነግር የለም። የጠየቁት ነገር የት እንደሚገባ ያላዩ ሠራተኞች ደግሞ ውለው አድረው መጠየቅ ያቆማሉ። ይህን አሠራር ልጀምር የሚል ከተማ ሶፍትዌር ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያስብበት ይሻለዋል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለአደባባይ ጥቃት ነው። ቤት ውስጥ ለሚደርሰው አይሆንም። ባሏ የሚደበድባት ሴት ለመዝጋቢው «ቤት» ብላ ብትመልስ ካርታው ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም፤ ፓትሮል የሚላክበት ጎዳናም የለም። ካርዲፍ ለዚህ በ2003 ሌላ መንገድ ጀመረች። ፖሊስ፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የቤቶች አስተዳደርና የተጎጂ ደጋፊዎች ተቀምጠው ሕይወታቸው ከፍተኛ አደጋ ላይ ስላለ ሴቶች በስም ይነጋገራሉ፣ ለእያንዳንዷ የደህንነት ዕቅድ ያወጣሉ። ይህም በመላው እንግሊዝና ዌልስ ተስፋፋ። በመጀመሪያው አሠራር ስም መውጣት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሁለተኛው ያለ ስም ምንም ማድረግ አይቻልም። ሁለቱም የተጀመሩት እዚያችው ከተማ፣ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ነው።